ሦስት ጠብታ ካልሲየም

አርክቴክቱ አጎቴን «አንተ» ሲላቸው ነው ደሜ የፈላው። የግድግዳው መላጥ አይደለም፣ ያቺ ወረቀትም አይደለችም፣ እሷ በኋላ ነው የመጣችው። መጀመሪያ «አንተ» አላቸው። የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው! እሱ ገና ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነው፣ አቧራ ነክቶት የማያውቅ ነጭ ጫማ አድርጎ።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ስናደድ ነገር ይምታታብኛል።

አጎቴ ዶን ፊደንሲዮ ጹል የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዶን የምንለው ለአክብሮት ነው፣ ለሴት ደግሞ ዶኛ። ሙና የምትባል ከተማ ነው የሚኖሩት፣ ከትልቁ ከተማ ከሜሪዳ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እኛ አካባቢ ቹኩም የሚባል እሾሃም ዛፍ አለ። ቅርፊቱን ስትቀቅለው ቡናማ ውሃ ይወጣዋል፣ በዚያ ውሃ ኖራ ታቦካለህ፣ ግድግዳ ላይ ለስነህ በድንጋይ ታሸዋለህ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ፣ ስትነካው እንደ ቆዳ የሚለሰልስ ነገር ይሆናል። የድሮ ሰው የውሃ ማጠራቀሚያውን ይለስንበት ነበር። አሁን ደግሞ የሰሜን ሜሪዳ ሀብታም ሁሉ የመዋኛ ገንዳውን በቹኩም ካላስለሰነ ገንዳ ያለው አይመስለውም። አጎቴ ሥራውን ከአባታቸው ነው የተማሩት። ማስታወቂያ የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም፣ ስልካቸው ራሱ ቁልፉ የተፋቀ ነው። ሥራ የሚያመጣላቸው ስማቸው ነው። አንዱ ቤት ለሌላው ቤት «ዶን ፊደንሲዮን ጥራ» ይላል፣ በቃ።

እኔ ሄነር እባላለሁ። የገንዳ ውሃ ነው የምጠብቀው። አሥራ አራት ቤት አለኝ፤ አለኝ ስል የራሴ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ያለኝ አንዲት ፒካፕና አንድ ረጅም መጥረጊያ ነው። ክሎሪን እጨምራለሁ፣ ቅጠል እለቅማለሁ፣ ማጣሪያ አጥባለሁ። ከአሥራ አራቱ አንዱ የዶኛ ሚርና ቤት ነው። ዶኛ ሚርና ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። ገንዳቸውን የዛሬ ሁለት ዓመት የለሰኑላቸው አጎቴ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ «ውሃውን ማን ይጠብቅልኝ?» ብለው ሲጠይቁ አጎቴ «የእህቴ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው» አሉ። እንደዚያ ነው የገባሁት።

እና ሐሙስ ጠዋት ዶኛ ሚርና ቤት ተጠራን። አጎቴን ከአውቶቡስ መናኸሪያ አንስቼ ይዣቸው መጣሁ። አርክቴክት ሌአንድሮ ገንዳው ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። ቤቱን የሠራው ኩባንያ ሰው ነው። ዋች ነው፤ ዋች የምንለው ከዋና ከተማው የመጣውን ነው፣ ስድብ ነው ወይ ብትሉኝ እንደ አነጋገሩ ነው። እኔ የዚያን ቀን እንዴት እንዳልኩት ራሳችሁ ገምቱ።

የመኪና ቁልፉን አወጣና ጎንበስ ብሎ፣ ውሃው የሚደርስበትን የገንዳውን ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ኖራው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ፊደንሲዮ፣ አንተ ይሄን ልስን ነው የምትለው?»

አጎቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። እንዲህ ናቸው፣ ሰው ሲሰድባቸው ኮፍያ ያወልቃሉ!

«ጌታዬ፣ ሳስረክብ እንዲህ አልነበረም።»

«አሁንስ? የሴትዮዋ የልጅ ልጆች ክርናቸው እየተላጠ ነው የሚወጡት። ታቹ ሁሉ ተቦርቡሯል። እጄን ሳሽበት ዱቄት ነው የሚወጣው። ዱቄት! ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሠራህልን?»

«ይቅርታ አርክቴክት» አልኩ፣ «እሳቸው ዶን ፊደንሲዮ ናቸው የሚባሉት።»

ገልመጥ አደረገኝ። «አንተ ቅጠሉን ልቀም።»

ከዚያ ነው ወረቀቷ የመጣችው። ልስኑ የተበላሸው በለሳኙ ቅይጥ ጉድለት ነው፣ ኖራው በደንብ አልተዘጋጀም፣ ኃላፊነቱ የለሳኙ ነው ትላለች፣ ታች ለፊርማ መስመር አላት። ቅዳሜ እኩለ ቀን ዶኛ ሚርና ባሉበት ይፈረማል አለ። አጎቴ ባያዶሊድ ከተማ የሚሠራ ሆቴል ሦስት ገንዳ ሊለስኑ ተነጋግረው ነበር። አርክቴክቱ ሳቅ እያለ፣ «ለነሱም ትንሽ ጠብቁ ብያቸዋለሁ፣ እዚህ አርክቴክት ሁሉ ይተዋወቃል» አለ።

ገባችሁ? ያቺ ወረቀት ከተፈረመች ከዚያ በኋላ ማንም ቤት «ዶን ፊደንሲዮን ጥራ» አይልም። ሃምሳ ዓመት የለሰኑ ሰው በአንዲት መስመር ሊያልቁ ነው።

እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ መታሁት። አጎቴ ግን እጃቸውን ያያሉ። መዳፋቸውን፣ ጀርባውን፣ እንደገና መዳፋቸውን።

«ምናልባት ኖራው አላረፈ ይሆናል» አሉ።

«ምን?»

«ሦስት ወር ነው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ ያለበት። የዚያን ጊዜ ሦስት ወር የሞላው ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ… ቅርፊቱንም የቀቀልኩት ከሌላ ሰው የገዛሁትን ነው። እጄም አርጅቷል ልጄ። ሳሸው የሚነግረኝን ነገር ድሮ እሰማ ነበር፣ አሁን ላልሰማ እችላለሁ።»

«አጎቴ፣ እርስዎ ግድግዳ ላይ ስህተት ይሠራሉ ብዬ አላምንም!»

«አንተ አላመንክም ብሎ ኖራ አይደርቅም። እፈርማለሁ።»

ይሄን ሲሉኝ ልቤ ቆሰለ። ሰውዬው ቢሰድባቸው ምንም አይደል፣ እሱ ባለጌ ነው። እሳቸው ግን አመኑት! አንድ ጥጋበኛ በመኪና ቁልፍ ስለፋቀ የገዛ እጃቸውን ተጠራጠሩ።

አርብ ጠዋት ለሥራዬ ዶኛ ሚርና ቤት ተመለስኩ። አርክቴክቱ የለም። የቤቱ ሠራተኛ ኔይዲ ከኋላ ግቢ ልብስ ታሰጣለች። ኔይዲን ብታውቋት ትወዷታላችሁ፣ አፏ አያርፍም።

«ምነው ፊትህ እንደ ተቃጠለ የቶርቲያ ቂጣ ሆነ?» አለችኝ።

«ተይኝ ኔይዲ፣ ዛሬ ሰው እነክሳለሁ።»

«እኔን እንዳትነክስ፣ ሳሙና ሳሙና ነው የምልህ። ከዚያ ማሽን በኋላ ሳሙና ከገላዬ አልወርድ ብሎኛል። ሙልጭልጭ ነው የሚለው፣ እንደ ዓሣ! ፀጉሬ ግን…» ፀጉሯን በተን አደረገችው። «እየው፣ ሐር! የአሳማ ኮቺኒታ ልገዛ የሄድኩ ቀን ባለ ታኮው ራሱ ምን ተቀባሽ አለኝ።»

«የምን ማሽን?»

«ውሃውን የሚያለሰልሰው ነዋ። ፋሲካ አካባቢ አርክቴክቱ ያስገባው። ጨው የሚበላው።»

እኔ መጥረጊያዬን ጣልኩት።

ይሄን የሌላ አገር ሰው ላይገባው ስለሚችል ልንገራችሁ። የሜሪዳ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚቀዳው። የተጠማ ሰው የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን የሚታኘክ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ስድስት ወር ሳይሞላው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ የሻወር ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም። ስለዚህ የእኛ አገር ገንዳ ጠባቂ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ነጩን ቅርፊት። እሱን ለማጥፋት ቅዳሜ ቅዳሜ አሲድ እናፈሳለን። ሁላችንም። አንድም ሰው ካልሲየም አይለካም፤ በሜሪዳ ካልሲየም መለካት ባሕር ዳር ቆሞ ጨው አለው ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ካልሲየም አለ፣ ሁሌም አለ፣ አለቀ። እኔን ያስተማረኝ ሰው «ሁለት ሊትር አፍስስና ሂድ» ነው ያለኝ። እኔም ሁለት ሊትር አፍስሼ እሄዳለሁ።

ያ ማሽን ግን የሚያወጣው ይሄንኑ ካልሲየም ነው!

«ኔይዲ፣ ገንዳው ውስጥ የሚገባው ውሃም በማሽኑ ነው የሚያልፈው?»

«እኔ ምን አውቄ። ፋሲካ ጊዜ መብራቶቹን ሊቀይሩ ውሃውን በሙሉ አፍስሰው እንደገና ሞሉት። ያኔ ማሽኑ ተገጥሞ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጓራ ነበር እኮ።»

ቧንቧውን ተከትዬ ሄድኩ። ከማሽኑ ይወጣል፣ በኩሽናው ጀርባ ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ገንዳው ውስጥ። አርክቴክቱ ውሃ በጣም ጎበዝ አድርጎ አዘዋውሯል፣ እናቱን።

ወደ ኬሚካል መሸጫው በረርኩ። ባለ ሱቋ ካልሲየም መለኪያ አለ ወይ ስላት ሳቀች።

«ካልሲየም? አንተ ፀሐይ መትቶሃል።»

«አለ ወይስ የለም?»

«አለ። ካመጣሁት ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ነው የገዛኝ፣ እሱም ፈረንጅ ነው፣ እኛ እስካሁን እየሳቅንበት ነው።» አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። የውሃ ማስያውን ሠንጠረዥ ግን ለዓመታት ፒካፔ ውስጥ ይዤው ስዞር ነበር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በሁለት ቀን ሥልጠና የሰጡን። ፀሐይ መከለያ ነበር የማደርገው።

ገንዳው ዳር ተንበረከክሁ። ብልቃጡን በገንዳው ውሃ ሞላሁት፣ መጀመሪያ ቀይ ያደርገዋል። ከዚያ ሌላውን ፈሳሽ ጠብ እያደረግህ ትቆጥራለህ፣ ሰማያዊ እስኪሆን። አንዱ ጠብታ አሥር ነው። የኛ አገር ውሃ ሠላሳ ጠብታ ሳይፈጅ አይለወጥም።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሰማያዊ።

ደገምኩት። ሦስት። አሁንም ደገምኩት፣ ኔይዲ ከኋላዬ ቆማ «ምን ትጸልያለህ?» ትለኛለች። ሦስት!

ከዚያ ሌሎቹን ለካሁ። ሠንጠረዡ ላይ አምስት ነገር ነው የሚደመረውና የሚቀነሰው። የውሃው ፒኤች ማለት አሲድነቱ፣ ሙቀቱ፣ ካልሲየሙ፣ አሲድን የሚቋቋመው አልካሊው፣ መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ይቀነሳል። ወረቀቱ የሙሌት መለኪያ ይለዋል፤ እኔ የጥጋብ ቁጥር ነው የምለው። ዜሮ ከሆነ ውሃው ጠግቧል፣ ማንንም አይነካም። ከዜሮ በላይ ከሄደ ከልክ በላይ በልቷል፣ ኖራውን ግድግዳ ላይ ያስመልሳል፣ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ርቦታል። የራበው ውሃ ደግሞ ካልሲየም የሚያገኘው ካለበት ቦታ ነው፣ ከግድግዳው። ከኖራው። ከአጎቴ እጅ ሥራ።

ሰባት፣ ሲደመር ዜሮ ነጥብ ሰባት፣ ሲደመር አንድ ነጥብ አንድ፣ ሲደመር አንድ ነጥብ ሰባት፣ ሲቀነስ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ከዜሮ በታች አንድ ነጥብ ስድስት። ከዜሮ በታች ዜሮ ነጥብ ሦስት ሲደርስ ተጠንቀቅ ይላል ወረቀቱ። ይሄ አንድ ነጥብ ስድስት ነው! ይሄ ውሃ አይደለም፣ ጅብ ነው።

ጮኼ ተነሳሁ። ኔይዲን አቀፍኳት፣ በእርጥብ አንሶላ መታችኝ።

አሁን ደግሞ ያላወራሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከመናገር አላመልጥም። የፒኤች መመርመሪያው ቀለም ጥሩ ሲሆን ቀይ ብርቱካን ነው፣ ሲወርድ ቢጫ። የኔ ብልቃጥ ከሰኔ ጀምሮ ቢጫ ነበር። በየሳምንቱ ቢጫ። እኔ «ጠብታው ፒካፑ ውስጥ ሙቀት መትቶት ተበላሽቷል» እያልኩ ሁለት ሊትሬን አፍስሼ እሄድ ነበር። አርብ ዕለት አዲስ ጠብታ ገዝቼ ሳይ እሱም ቢጫ ሆነ። አየሁት። ወዲያው ዓይኔን ወደ ማሽኑ አዞርኩ። ጥፋተኛ አግኝቻለሁ አይደል? ነጭ ጫማ ያደረገ ጥፋተኛ። ለአጎቴም አልደወልኩም። ቅዳሜ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አርክቴክቱ ፊት ላይ ልዘረግፍለት ፈለግኩ።

ቅዳሜ ከእኩለ ቀን በፊት ሁላችንም ገንዳው ዳር ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ዶኛ ሚርና መነጽራቸውን አድርገው ወንበር ላይ። አርክቴክቱ ወረቀቷንና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሊሰድቧቸው በጠሯቸው ቦታ ሸሚዝ አስተኩሰው!

«እንጀምር» አለ አርክቴክቱ፣ «ፊደንሲዮ እዚህ ጋ…»

«ማንም ምንም አይፈርምም» አልኩ። ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ወጣ።

«ሄነር» አሉ አጎቴ።

«አይ አጎቴ፣ ይቅርታ። ዶኛ ሚርና፣ እርስዎ ፋርማሲስት ነዎት፣ ይሄን ይዩልኝ።» ብልቃጡን አወጣሁ። ፊታቸው ሞላሁት፣ ቀይ ሆነ፣ ጠብ አደረግሁ። ሦስተኛው ላይ ሰማያዊ ሲሆን ዶኛ ሚርና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ።

«ሦስት? በሜሪዳ?»

«በሜሪዳ! ውሃው ካልሲየም የለውም፣ ይሄ ሰውዬ ያስገባው ማሽን ወስዶታል። ስለዚህ ከግድግዳው እየበላ ነው። ልስኑ አልተበላሸም፣ እየተበላ ነው! ቅይጥ፣ ምናምን፣ ሁሉም ውሸት ነው። አርክቴክት፣ አንተ ነህ እዚያ ቧንቧ ላይ የፈረምከው።»

«አንተ» አልኩት። ሆን ብዬ ነው። ጣፈጠኝ።

ጆሮው ቀላ። ግን ሞኝ አይደለም፣ እሱን ልናገርለት። ወዲያው አልጮኸም። «ይሄን ማሽን አርባ ቤት ውስጥ አስገብቻለሁ» አለ ለዶኛ ሚርና። «አሥራ ሁለቱ የቹኩም ገንዳ አላቸው፣ በዚሁ ውሃ ነው የሚሞሉት። አንዱም አልተላጠም። ይደውሉና ይጠይቁ። ማሽኑ አንድ ነው፣ ውሃው አንድ ነው። እዚህ የተለየው ለሳኙ ብቻ ነው።» ወረቀቷን ወደ አጎቴ ገፋት።

አጎቴ እስክሪብቶውን አነሱ።

አሥራ ሁለት ቤት። እውነት ይሆን? እውነት ከሆነ እነዚያ ለምን አልተላጡም?

ዶኛ ሚርና ሠንጠረዤን ወስደው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። አርባ ዓመት መድኃኒት የመዘኑ ሴትዮ ናቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ማሽኑ ካልሲየሙን ነው የሚያወጣው፣ አልካሊውን አይነካም። ፒኤቹንም እዚህ ድረስ አያወርደውም። የቧንቧችን ውሃ አልካሊው ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ አካባቢ።»

«እዚህ አምሳ ነው የጻፍከው። ሁለት መቶው የት ሄደ?»

የት እንደሄደ አውቃለሁ። እጄ ላይ ሽታው አለ።

ማምለጫ ነበረኝ፤ «አላውቅም» ማለት እችል ነበር፣ ዝናብ ነው ማለት እችል ነበር፣ መስከረም ነው፣ በየቀኑ ይዘንባል። አርክቴክቱ ስለ ውሃ አያውቅም። ግን አጎቴ እስክሪብቶውን ይዘው የሚፈርሙበትን መስመር ይፈልጋሉ፣ ዓይናቸው ቅርብ አያይም፣ ወረቀቱን ራቅ ቀረብ ያደርጋሉ። «አላውቅም» ካልኩ ይፈርማሉ።

«አሲድ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሊትር እጨምራለሁ።»

«ለምን?»

«ለቅርፊቱ።»

«ካልሲየም በሌለው ውሃ ውስጥ የምን ቅርፊት?»

«አላውቅም ነበር! ሁሉም ሰው ነው የሚያፈሰው፣ ሜሪዳ ውስጥ ሁሉም ሰው…» ድምፄ ተሰበረ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ዶኛ ሚርና የጠረጴዛውን እስክሪብቶ ፈለጉ፣ አጎቴ እጅ ነው ያለው፣ ከእጃቸው ወሰዱት። ወረቀቷን ገለበጧትና ጀርባዋ ላይ ደመሩ፣ ድምፅ እያወጡ። «አሲድ ባይገባበት፣ ሰባት ነጥብ ስምንት። ዜሮ ነጥብ ሰባት። አንድ ነጥብ አንድ። ሁለት ነጥብ አራት። ሲቀነስ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። «ከዜሮ በታች ዜሮ ነጥብ አንድ። ጤነኛ ውሃ ነበር።»

ማሽኑ ብቻውን ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ ያስራብኩት። እኔ፣ ጎበዙ የእህት ልጅ።

አርክቴክቱ ፈገግ ማለት ጀመረ። ዶኛ ሚርና ዞረው ሳያዩት «አይሳቁ አርክቴክት» አሉት። «ቧንቧውን ሲያገናኙ ለዚህ ልጅ ነግረውታል?»

«በነዚያ ቤቶች ገንዳውን የሚጠብቁት የኛው ሰዎች ናቸው፣ ማሽኑ እንዳለ ስለሚያውቁ አሲድ አያፈሱም። ይሄ ግን የገንዳ ጠባቂው…»

«ነግረውታል?»

«አይ።»

«ለኔስ ገንዳውም በማሽኑ እንደሚሞላ ነግረውኛል? አልነገሩኝም። አሁን ባያዶሊድ ይደውሉ። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ። ለሳኙ ምንም ጥፋት የለበትም ይበሏቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ውሃዬን እንዳትነካ።»

ደወለ። ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ እንደ ጥርስ ሕመምተኛ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነገራቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ምንም አልተሰማኝም። አጎቴን ፈልጌ ዞር ስል ከበር ወጥተዋል።

መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። በዚያ ፀሐይ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሄዳሉ።

«አጎቴ፣ ይግቡ፣ ላድርስዎት።»

ፒካፑን ከጎናቸው እያዘገምኩ መስኮቱን አወረድኩ። ከኋላዬ ያለ መኪና ጥሩምባ መንፋት ጀመረ።

«አጎቴ፣ እባክዎ!»

«ስንት ቅዳሜ?»

«ምን?»

«ስንት ቅዳሜ አጠጣኸው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት።» መሄዳቸውን አላቆሙም። «እሺ፣ አላወቅህም። ያላወቀ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ስንቱን አበላሽቻለሁ። መቼ አወቅህ?»

መዋሸት ፈለግኩ። «አርብ። ካልሲየሙን አርብ ጠዋት ለካሁት።»

ቆሙ። እኔም ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ሰውዬ ጥሩምባው ላይ ተኛበት።

«አርብ ጠዋት» አሉ። «ልስኑ የኔ ጥፋት እንዳልሆነ አርብ ጠዋት አወቅህ። ስልክ አለህ፣ እኔም ስልክ አለኝ። አርብ ቀኑን ሙሉ ኖራ ጉድጓዴ ዳር ተቀምጬ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት ስል ዋልኩ። ሚስቴን ከእንግዲህ አልለስንም አልኳት። ኖራ የሚያቦካልኝ ጓደኛዬ፣ ትቻለሁ ስለው፣ ሥራዬን ሊወስድ ኖራዬን ግማሹን ጭኖ ሄደ። አንተ ግን ትርዒት ልታሳይ ፈለግህ!»

በሕይወቴ ጮኸውብኝ አያውቁም። ሙና ድረስ የተሰማ ነው የሚመስለኝ። አንዲት ሴትዮ ከበሯ ወጥታ አየችን።

«አጎቴ፣ ያንን ሰውዬ ፊት ለፊት ላዋርድልዎት ብዬ…»

«ለኔ? ለኔ ነው? የኔን ክብር ያንተ ቁጣ ማብሰያ አደረግከው እንጂ ለኔ ምን አደረግህ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር አልልም። ሰኞ ገንዳው ባዶ ሆኖ ላግኘው።»

አልገባኝም። «ዶኛ ሚርና አባርረውኛል እኮ።»

«ያባረሩህ ከውሃው ነው፣ ከኖራው አይደለም። የተበላውን ፍቄ አዲስ ልስን አለብሰዋለሁ። አቡኪ አጥቻለሁ። አንተ ታቦካለህ። በአካፋ አይደለም፣ በእጅህ።»

«እሺ አጎቴ።»

«ኖራው ቆዳህን ይልጠዋል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! እሺ ስትለኝ ይብሳል።»

አውቶቡሱ መጣ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ወጡ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ ወደ እኔ አላዩም። እኔ መንገዱን ዘግቼ ቆሜያለሁ። የኋላው ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ መጥቶ መስኮቴን መታ፣ «ትሄዳለህ ወይስ መንገዱን ገዝተኸዋል?» አለኝ።

ወረድኩ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። እሱ ምንም አላጠፋም ነበር፣ ምስኪን፣ የሱ ጥፋት ቅዳሜ ዕለት ከኋላዬ መገኘቱ ነው።